አርዌ ምን በልቶ ይኖራል?

አንድ አሳታሚ የተረት እንስሳት መጽሐፍ ለልጆች ሊያወጣ አስቦ ሥራውን ለእኛ ስቱዲዮ ሰጠ። ትዕዛዙ ደስ የሚል ነበር። ለእያንዳንዱ ፍጥረት አንድ ትልቅ ሥዕል ይሠራል። ከሥሩ ደግሞ እንደ እውነተኛ የዱር እንስሳ አኗኗሩ ይጻፋል፤ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚራባ። ለእኔ የደረሰኝ አርዌ ነው። በአክሱም አፈ ታሪክ 400 ዓመት ነገሠ የሚባለው ዘንዶ።

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍለው የሚስሉ ሠዓሊዎቻችን አርዌን መጀመሪያ ላይ ያስገቡታል። ሕዝቡ ሲገብርለት ይታያል። ቀጥሎ አንጋቦ የተባለው ጀግና መርዝ ያበላውን ፍየል ያቀርብለታል፣ ዘንዶውም ይሞታል። እኔ ባየኋቸው ሥዕሎች ላይ ክንፍ የለውም፣ እሳትም አይተፋም። እባብ ነው፤ በጣም ትልቅ እባብ። ስለዚህ ከፊልም ክንፍ ተበድሬ አልለጠፍኩለትም። ከሆዱ ጀመርኩ።

ለእኔ የፈጠራ እንስሳ ሁሌም የሚጀምረው ከሆዱ ነው። የሚበላውን ካወቅን ጥርሱም፣ መንጋጋውም፣ አካሄዱም ተከትሎ ይመጣል። ዘንዶ አያኝክም። የታችኛው መንጋጋው ግራና ቀኝ የሚያያዘው በሚለጠጥ ጅማት ስለሆነ አንዱ ወገን ከሌላው ተለይቶ መንቀሳቀስ ይችላል። ጥርሶቹ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ናቸው፤ አንዴ የገባ በቀላሉ አይወጣም። ከሁሉም የገረመኝ ግን ልቡ ነው። በፈረንጆቹ 2005 የወጣ አንድ ጥናት የበርማ ዘንዶ ትልቅ ምግብ በዋጠ በሁለት ቀን ውስጥ የልቡ ጡንቻ 40 በመቶ ያህል እንደሚያድግ አሳይቷል። ምግቡ ከተፈጨ በኋላ ልቡ ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሳል።

ይህን ሳነብ አርዌ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ግብሩን በየቀኑ አይበላም። አንዴ ይውጥና ለወራት ይተኛል። ሕዝቡ የሚፈራው የሚነቃበትን ቀን ነው። ከገደል ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አስተኛሁት።

ፍየሉን የዋጠበት ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ። እባብ ትልቅ ነገር ሲውጥ ቅርፊቶቹ ይራራቃሉ፤ በመሃል ያለው ስስ ቆዳ ብቅ ይላል። ቅርፊቱን በጥቁር ቡኒ ከጨረስኩ በኋላ በቀጭን ብሩሽ፣ በውሃ የቀጠነ ቢጫ በየመሃሉ አስገባሁ። የፍየሉ ቀንድ የት ጋ እንደደረሰ ከውጭ ይታወቃል።

አሳታሚው ከሕትመቱ በፊት ረቂቁን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጥቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዲት መምህርት ስቱዲዮ ደወሉ። ልጆቹ ሥዕሉን በጣም ወደውታል። ችግሩ የቤት ሥራው ላይ ነው። «በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ እንስሳትን ጥቀሱ» ሲባሉ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ብለው አርዌን ጨምረዋል። አንዱ ተማሪማ ስለ ልቡም ጽፏል።

ቢሮው በሳቅ ሞላ። መምህሯ ግን አልሳቁም፤ እውነታቸውን ነው። ኤዲተራችን «ልጆች አይደሉ እንዴ? ሲያድጉ ይለዩታል» አለ። ዲዛይነሯ በየገጹ «ይህ ተረት ነው» የሚል ማኅተም እናድርግ አለች። ሁለቱም አልዋጡልኝም። ልጁ ያነበበው እኛ የጻፍነውን ነው፣ በደንብም አንብቦታል። ማኅተሙ ደግሞ ከተረቱ ጋር የመንጋጋውንና የልቡን እውነት አብሮ ይሰርዛል። እኔ ልጆቹ ሁለቱንም እንዲያገኙ እፈልግ ነበር።

መላውን ያገኘነው ከብራና መጻሕፍት ነው። የግዕዝ ጸሐፍት ጽሑፉን በጥቁር እየጻፉ የቅዱሳንን ስም በቀይ ይለያሉ። እኛም ለራሳችን ጉዳይ ቀለም እንለይ አልኩ። ስለ እውነተኛ እንስሳት የሚታወቀው በጥቁር፣ ከአፈ ታሪክ የወረስነው በቀይ፣ ስቱዲዮው የፈጠረው በቡኒ። መጽሐፉ ድሮም ባለ ሙሉ ቀለም ስለሆነ የሕትመት ዋጋ አልጨመረም። አሳታሚው ወዲያው ተስማማ።

ቀለም መለየቱ ጽሑፉንም አጠራው። የበርማ ዘንዶ ልብ 40 በመቶ ማደጉ ጥቁር ሆነ። የአርዌ ልብ በእጥፍ ማደጉ ቡኒ ሆኖ ከሥሩ ተቀመጠ። ምንም ጥቁር መሠረት የሌላቸው ቡኒ መስመሮች ገጹ ላይ ተንሳፍፈው ታዩ። አብዛኞቹን አወጣናቸው፤ ሥዕሉ ምንም አልጎደለበትም።

ተረትና ተፈጥሮን አንድ ላይ መጻፍ በእኛ አልተጀመረም። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለ የእንስሳት መጽሐፍ አንበሳን ከተረቱ ወፍ ከፊኒክስና ከባለ አንድ ቀንዱ እንስሳ ጋር ነው የሚያስቀምጠው። የሚቀጥለው ሥራችንም ይኸው ባለ አንድ ቀንድ ነበር። ኮስማስ የተባለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴና ተጓዥ በኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት አራት የነሐስ ባለ አንድ ቀንድ ምስሎች እንዳየ ጽፏል። እንስሳውን ራሱን ግን አላየም።

ረቂቁን ይዤ እዚያው ክፍል ሄድኩ። ልጆቹ በቀለሙ ተከራከሩ። አንዷ «ምስሉን በዓይኑ አይቷል፣ ጥቁር ይሁን» አለች። አጠገቧ ያለው ልጅ «እንስሳውን ያየው የለም፣ ቀይ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። መምህሯ ጠመኔውን ለሁለቱም ሰጧቸው። ዓረፍተ ነገሩን ሰሌዳው ላይ ለሁለት ከፈሉት፤ የነሐሱን በአንድ ቀለም፣ የእንስሳውን በሌላ። መጽሐፉ የታተመውም በዚያው አከፋፈል ነው።