በሳፖሮ በረዶ ውስጥ በእግር

በየካቲት ወር ወደ ሳፖሮ ስሄድ ከተማዋን በእግሬ ለማየት ወስኜ ነበር፤ በረዶው ቀንና ሌሊት ሳያባራ መውረዱም ሐሳቤን አላስቀየረኝም። ሳፖሮ በሰሜናዊው የጃፓን ደሴት በሆካይዶ የምትገኝ፣ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ከሳይቤሪያ የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይሸከማል፤ ደሴቲቱ ላይ ሲደርስም በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። በአንድ የብርድ ወቅት በከተማዋ ላይ የሚወርደው ሁሉ ቢደማመር ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሳበኝ፣ ይህ ሁሉ ሰው በዚህ ሁሉ በረዶ ውስጥ እንዴት ወጥቶ እንደሚገባ ነው።

መንገድ ይጠፋብኛል የሚል ስጋት አልነበረኝም። ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የኦዶሪ መናፈሻ መሐል ከተማውን ሰሜንና ደቡብ ብሎ ይከፍለዋል፤ በየመስቀለኛ መንገዱም «ሰሜን 1 ምዕራብ 3» እንደሚለው ያሉ ምልክቶች ከፍ ብለው ተሰቅለዋል። የሚያስቸግረው ወደ ታች ያለው ነገር ሁሉ መሸፈኑ ነው፤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝም ሆነ የመሻገሪያው ነጭ መስመር አይታይም። የትራፊክ መብራቶቹ በሌላው የጃፓን ክፍል በብዛት እንደሚታዩት ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ናቸው፤ በረዶ የሚከመርበት ሰፊ አናት እንዳይኖራቸው ታስቦ የተደረገ ነው።

ከተከመረው በረዶ ይልቅ የሚያስፈራው የረጋው ነው። ቀድሞ መኪኖች በብርዱ ወራት የብረት ጥርስ ባለው ጎማ ይሄዱ ነበር። ጥርሱ አስፋልቱን እየፋቀ የሚያስነሣው አቧራ አየሩን ስለ በከለው፣ ይህ ጎማ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ ታገደ። አቧራው ቀረ፤ ነገር ግን ጥርስ የሌለው ጎማ መብራት ላይ በቆመና በተነሣ ቁጥር የተጠቀጠቀውን በረዶ እየወለወለ እንደ መስተዋት ያደርገዋል፤ ይህም የሚሆነው እግረኛው በሚሻገርበት ስፍራ ላይ ነው። ብርዱ የጠነከረበት ቀን ለእግረኛ ከለዘብተኛው ቀን ይሻላል። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ ከጫማ በታች እየተንኮሻኮሸ እግርን ይይዛል፤ ቀን ቀልጦ ማታ ዳግመኛ የረጋው ግን ስስ ስለሆነ ለዓይን እንኳ አይለይም። የአገሩ ሰዎች አጭር አጭር ይራመዳሉ፤ ተረከዛቸውን አያስቀድሙም፤ መላ እግራቸውን በአንድ ጊዜ ያሳርፋሉ፤ እጃቸውንም ከኪሳቸው ያወጣሉ።

በአንድ ዳገታማ መንገድ መሻገሪያ ላይ አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ከፊቴ ቆመው ነበር። አረንጓዴው ሲበራ አልተሻገሩም። በማዕዘኑ ላይ ወደ ቆመ ሳጥን ሄደው ክዳኑን ከፈቱና ጠጠር የሞላበት አነስተኛ ከረጢት አወጡ፤ አፉን ከፍተውም ደቃቁን ጠጠር በሚያንጸባርቀው መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ በተኑት፤ ባዶውን ከረጢት አጣጥፈው ያዙ። ቀጣዩ አረንጓዴ ሲበራ እርሳቸውም፣ እኔም፣ ከኋላችን የነበሩትም ሁሉ ተሻገርን። እነዚህን ሳጥኖች የከተማው አስተዳደር በሚያንሸራትቱ መሻገሪያዎችና ዳገቶች አጠገብ ያስቀምጣቸዋል፤ የሚበትነው ግን መንገደኛው ራሱ ነው። በሳፖሮ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ አንድ ሰው ለራሱ ብሎ የበተነው ጠጠር በረዶ እስኪሸፍነው ድረስ ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ያገለግላልና። ከዚያ በኋላ ሳጥን ባገኘሁበት ሁሉ እኔም እበትን ነበር።

የመንገድ ጠረጋው የሚከናወነው በአብዛኛው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። ማሽኖቹ በረዶውን ወደ ዳር ስለሚገፉት ነዋሪው ጠዋት የሚነሣው ደጁ ላይ የተጋገረ ክምር ይዞ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት አካፋ ያነሣል። ወደ መንገድ መልሶ መጣል ለሌላው አደጋ ስለሆነ በጥንቃቄ ግቢው ውስጥ ይከምረዋል። በየመንገዱ ዳር የሚቆለለው በረዶ ከቁመቴ ይበልጥ ስለ ነበር፣ ከኋላው የሚመጣ እግረኛ ለሾፌር አይታይም፤ በተለይ ሕፃናት። መብራት በሌለበት ማዕዘን ሁሉ ቆም ብሎ አንገትን አውጥቶ ማየት ግድ ነው።

ብርዱ ሲበረታ ከመሬት በታች መሄድ ይቻላል። የምድር ውስጥ ባቡሩ ለ1972ቱ የክረምት ኦሊምፒክ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ የጀመረ ሲሆን የሚሽከረከረው በላስቲክ ጎማ ነው፤ ከመሬት በላይ የሚወጣበት ክፍል እንኳ በረዶ እንዳያገኘው ከላይ ተሸፍኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ኦዶሪ የሚወስደው የምድር ውስጥ የእግረኛ መንገድ ተከፈተ፤ ከዚያም የከተማዋ የመዝናኛ ሰፈር እስከ ሆነው ሱሱኪኖ ድረስ አንዲት የበረዶ ቅንጣት ሳይነካ መድረስ ይቻላል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ለአረጋውያን ይህ መንገድ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን በሄድሁበት አቅጣጫ ሁሉ ከተማዋን ማየት ስለ ፈለግሁ በአብዛኛው ከላይ ሄድሁ።

ወደዚያ ለሚሄድ ሰው የምለው ቢኖር፣ ጫማ ላይ የሚታሰረውን ባለ ብረት ጥርስ ማሰሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይያዝ፤ ወደ ምድር ውስጥ መተላለፊያ ወይም ወደ ሱቅ ሲገባ ግን ደረጃውን ከመውረዱ በፊት ያውልቀው፤ በረዶ ላይ የሚይዘው ብረት በለሰለሰ ወለል ላይ ያንሸራትታል።