የቸርችል ዳገት

ዛሬ ጠዋት ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሳይክል ልወጣ ብዬ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳልደርስ ትንፋሼ አለቀ። ወርጄ ስገፋ አንድ አዛውንት ሳቅ ብለው "ካምቢዮውን ዳገቱ ሳይጀምር ነው የምታቀለው ልጄ" አሉኝ።

ማኪያቶ ጋበዝኳቸው። ለካ ጋሼ በወጣትነታቸው የብስክሌት ሻምፒዮን ነበሩ! አማተር፣ ደሞዝ የለ፣ ምን የለ። ሌሊት 11 ሰዓት ልምምድ፣ 2 ሰዓት ጋራዥ ሥራ። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠባሳቸውን አሳዩኝ። የአስፋልቱ ጠጠር እስካሁን ቆዳቸው ውስጥ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል።

ጀግናቸው ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ ነው። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሊምፒክ የገባችው በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ነው፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከማሸነፉ 4 ዓመት በፊት። ገረመውም እዚያ ጋልቧል፣ 187 ኪሎ ሜትር ገደማ። (እኔ ቸርችልን አቅቶኝ!) ያኔ ኦሊምፒክ የአማተሮች ብቻ ነበር። ያሸነፈው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ፕሮፌሽናል ሆኖ በ1958 ትልቁን የጣሊያን የብስክሌት ውድድር፣ ጂሮ ዲታሊያን ወሰደ።

"እሱ ጂሮ፣ እኔ ሰኞ ጋራዥ" አሉና ሳቁ።

ስንለያይ የኋላ ጎማዬን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። "ንፋስ የለውም እኮ!"

ጎሚስታ ፍለጋ ቁልቁል ተመለስኩ።