በ600 የተዘጋው ቤቴ

ታናሽ ወንድሜ ላፕቶፔ ላይ የራሱ አካውንት አለው፤ ግን የእኔን ፎልደሮች መጎርጎር ነው የሚወደው። የጫንኩት ኡቡንቱ (ላፕቶፑን የሚያሠራው ሲስተም) የቆየ ነው። ከ21.04 በፊት የነበሩት ቨርዥኖች የአንዱን ሆም ፎልደር (የግል ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን) ለሌላው ተጠቃሚ ክፍት አድርገው ነበር የሚፈጥሩት። እኔ ደግሞ እዚያ ውስጥ ግጥሞች አሉኝ። (ለማን እንደተጻፉ አትጠይቁኝ።)

ቅዳሜ ጠዋት «ዛሬስ እዘጋበታለሁ» ብዬ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ተርሚናል ከፈትኩ። የሚስጥር ፋይል ፈቃዱ 600 ይደረጋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ሌላው አርፎ ይቀመጣል። እኔ ሆዬ ለፋይል የተባለውን ሆም ፎልደሬ ላይ ለጥፌ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ ወደ ቁርሴ።

ስመለስ ፓስወርድ አስገባሁ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ብልጭ አለ፣ መልሶ ፓስወርድ ጠየቀኝ። ደገምኩ። ያው። ኬፕስ ሎክ አየሁ፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳይሆን ፈተሽኩ። ሆን ብዬ ስሳሳት «ልክ አይደለም» ይለኛል፤ ትክክለኛውን ስጽፍ ደግሞ በክብር ተቀብሎ በጓሮ በር ያስወጣኛል። እማዬ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና «ልጄ፣ ጸበል ይረጭበት እንዴ?» አለች። ዘጠነኛው ሙከራ ላይ ሐሳቡ መጥፎ አልመሰለኝም።

ይሄኔ ወንድሜ መጣ፣ በራሱ አካውንት ገባ፣ ጌሙን ከፈተ።

«ለእኔ ይሠራል እኮ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው የእኔ ቤት ነው። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ተጭኜ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራው ጥቁር ስክሪን ገባሁ። ሆም ፎልደርህ ውስጥ መግባት አልተቻለም አለኝ። በገዛ ቤቴ! አከራያችን እንኳ እንዲህ አድርገውን አያውቁም።

ለካ 4 ማንበብ፣ 2 መጻፍ ነው፤ 1 ደግሞ ፎልደር ላይ ሲሆን መግባት ነው። እኔ 4ን እና 2ን አቅፌ (6ቷ የእነሱ ድምር ናት)፣ 1ዷን ውጭ ጥያት ኖሯል። በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ 700 አደረግኩትና ገባሁ።

ማታ ቡና ላይ ደረቴን ነፍቼ «እስቲ አሁን ግባ!» አልኩት ወንድሜን።

«የት? ግጥሞቹ ጋ? እነሱንማ ባለፈው ሳምንት ጨረስኳቸው።»

እማዬ ጀበናውን አስቀመጠች።

«የምን ግጥም?»