መብራት ጠፍቶም የሚያነበው ልጄ

ነገሩ የገባኝ መብራት የሄደ ማታ ነው።

ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ እንቁላል፣ የስልክ ካርድ። ማታ ማታ ልጄ ከባንኮኒው ጀርባ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ የአማርኛ መጽሐፉን ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበር። እኔ የቀኑን ሒሳብ እየሠራሁ እሰማዋለሁ። ዕቃ ሊገዛ የመጣ ሁሉ «አቤት ጉብዝና!» ይለዋል። እኔም ደረቴ ይነፋል።

የዚያን ዕለት ማታ መሃል ላይ መብራት ድርግም አለ። ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ። ልጄ ግን አላቆመም። አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር፣ ሦስት መስመር ሳይደናቀፍ ቀጠለ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ሳየው ጣቱ ያረፈው ሌላ ገጽ ላይ ነው።

አንድ የሳሙና ካርቶን አነሳሁና ሥዕል የሌለበትን ጎን አዞርኩለት። «እስቲ ይቺን አንብባት።» ካርቶኑን አየ። እኔን አየ። ጫማውን አየ። «እማዬ፣ ሆዴን አመመኝ» አለኝ።

ለካ ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ሲለኝ የነበረው ይሄ ነው። እኔ እኮ የትል መድኃኒት ሁሉ አውጥቼለት ነበር።

ቀጥሎ ያደረግሁት የሚያኮራ አይደለም። ጮህኩበት። ኩርኩምም ነበረበት። «እህትህ በአንተ ዕድሜ ጋዜጣ ታነብ ነበር» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ እህቱ እስካሁንም ጋዜጣ አንብባ አታውቅም። ከዚያ አስጠኚ ቀጠርኩ። በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከሁለት ወር በኋላ ልጄ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ሸምድዶት ቁጭ አለ! አስጠኚው ላይ አልፈርድም፤ «መጽሐፉን አስጠናልኝ» ያልኩት እኔው ነኝ። ያልኩትን አደረገ።

ብርም ሞክሬያለሁ። አንድ ገጽ ላነበበ 5 ብር። በሦስተኛው ቀን ሥዕል የበዛባቸውን ገጾች እየመረጠ አምጥቶ መደራደር ጀመረ። ነጋዴ ወጣው እንጂ አንባቢ አልወጣውም።

በመሃል ዓይኑንና ጆሮውን አስመረመርኩ። ሁለቱም ደህና ሆኑ። ደህና ይሁኑ እንጂ ይህን ማንም ወላጅ ባይዘለው እላለሁ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ አይታየኝም ብሎ አይነግርህም። ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ነው የሚመስለው።

መላውን ያገኘሁት ካላሰብኩት ሰው ነው። ማታ ማታ ዳቦ የሚገዙኝ አንድ ሽማግሌ አሉ። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። አባባ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ብሶቴን ስነግራቸው ልጁን ጠሩት። «ና እስቲ፣ አባቴ።» ከዳቦው መጠቅለያ ወረቀት ቀደዱና አንዲት ፊደል ብቻ ጻፉበት፤ «ቴ»። «ይቺ ማን ናት?»

ልጄ ዝም አለ። እኔ አላወቃትም ብዬ ልናገር ስል አባባ እጃቸውን አነሱብኝ። «ከንፈሩን እዪ።» ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለውም እንጂ እየዘፈነ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ ጀምሮ፣ ለ ሉን አልፎ፣ መን አልፎ፣ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ተ ላይ ሲደርስ ተ ቱ ቲ ታ… «ቴ!» አለ። ላብ በላብ ሆኗል።

አባባ አልሳቁም። «ልጄ፣ ይሄ ልጅ ፊደሎቹን አያውቃቸውም። የሚያውቀው ሰልፋቸውን ነው» አሉኝ።

እኔ ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ ለጥፌለት፣ ከዩቲዩብ የፊደል መዝሙር አውጥቼለት፣ በዜማ ሲያወርደው እያጨበጨብኩለት ነው ያሳደግሁት። 33 ፊደል በሰባት በሰባት፣ 231 ቅርጽ በአንድ ትንፋሽ ይወርደዋል። ከመሃል አንዷን ነጥለህ ስትሰጠው ግን ጠፋ። የድሮዎቹ ግን ለካ ይህን ያውቁ ነበር። አባባ እንደነገሩኝ፣ በእሳቸው ጊዜ ሀሁ ያለቀለት ልጅ ቀጥሎ አቡጊዳ ይቆጥራል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ይሄዳል። ፊደሎቹም በሌላ ተራ ይመጣሉ፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያሉ ድምፃቸውም በየአንዳንዷ ይለወጣል። በዜማ ብቻ የያዘ እዚያ ላይ ይያዛል።

በማግስቱ የፊደል ገበታውን ከግድግዳው አወረድኩት። መዝሙሩንም አቆምን። የብስኩት ካርቶን በመቀስ ቆርጬ ካርዶች ሠራሁ። መጀመሪያ የስሙን ፊደሎች፣ ከዚያ በ፣ ለ፣ መ፣ ሰ። በሳምንት ከአምስት ፊደል አላለፍኩም። ከነዘሮቻቸው 35 ካርድ ማለት ነው፤ ያም ብዙ ነው። ሳህን ላይ አደባልቀን አንድ አንድ እናወጣለን። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ መዝፈን የለም። ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ ሁለታችንም እንስቅና ካርዱ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። እኔም ተራዬ ሲደርስ ሆን ብዬ እዘፍናለሁ። እኔን መያዝ የመሰለ ደስታ የለውም።

ከሁሉ የጠቀመን ደግሞ እሱ ራሱ ያወጣላቸው ስም ነው። ካዕብን «እጇን የዘረጋች» አላት፤ ቡ፣ ሉ፣ ሙ ወገባቸው ላይ ቅጥያ አላቸውና። ሣልስ «እግሯን የዘረጋች» ሆነች። ራብዕ «አንድ እግሯ ያጠረ»፤ ባ፣ ላ፣ ሳ። ኃምስ፣ እግሯ ሥር ቀለበት ያላት፣ «ኳስ የምትመታ»። ሳድስን «እብዷ» አላት። እውነቱን ነው፣ ል እና ስ እና ት ምን ያገናኛቸዋል? ሩ እና ፉ የመሳሰሉትን ለብቻ ለየናቸው፤ «የማይታዘዙ» ተባሉ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሳነብ ኃምስ ኳስ እንደምትመታ አላየሁም ነበር።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ማታ ደክሞት፣ እኔም ደክሞኝ የምናደርገው ሁሉ መጨረሻው ለቅሶ ነበር። ወደ ከሰዓት አዞርነው፤ ምሳ በልቶ ሱቁ ጭር ሲል፣ 15 ደቂቃ። «ትንሽ እንጨምር» ሲለኝ ነው የማቆመው። ይህን ማድረግ ለእኔ ከባድ ነበር። እናት ስትባል ልጇ ሲሠራላት ማቆም አታውቅም።

ካርዱ ሲያልቅ ወደ መንገድ ወጣን። ከተማው ለካ ሙሉ መጽሐፍ ነው። «ሞባይል ጥገና»፣ «የሚከራይ ቤት»፣ የባጃጅ ጀርባ ላይ ያለው ጥቅስ ሁሉ። አንድ እሁድ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ በባጃጅ ስንሄድ መንገድ ተዘጋግቶ ቆምን። ልጄ አንዱን አጥር አፍጥጦ እያየ በሙሉ ድምፁ «መ… ሽ… ና… ት… ክል… ክል… ነው!» አለ። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፋ። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ማፈር ሲገባኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያንን አጥር ማንም አላስሸመደደውም።

ሐይቁ ዳር ደርሰን፣ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ እንደ ዘበኛ ተገትረዋል። እሱ ግን ወፎቹን ትቶ የምግብ ዝርዝሩን ይዟል። አንድ ቦታ «አሳ ጥብስ»፣ ዝቅ ብሎ «ዓሣ ለብለብ» ይላል። «እማዬ፣ የቱ ነው ልክ?» መልስ አልነበረኝም። አባባን ጠየቅናቸው። በግዕዝ ቋንቋ ሠ እና ሰ ልዩነት እንዳላቸው ነገሩት። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች እንደሚባለው ነው፤ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። ልጄ ይህን ሰምቶ ሳምንቱን ሙሉ ሰፈሩን በሠረቀና ሰረቀ በጠበጠው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ «ገና አልደረሰም» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣበቀ። በዓሉ ነው ያልደረሰው ወይስ ሰውየው? አማርኛ ሲጻፍ ማጥበቂያ የለውም። ትርጉሙን ካላወቅህ እንዴት እንደምታነበው አታውቅም። ልጄ ትምህርት ቤት የሲዳማን ቋንቋ፣ ሲዳሙ አፎንም ይማራል፤ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል። «እዚያኛው ላይ ይታወቃል፣ አማርኛው ለምን ይደብቃል?» አለኝ። ተገረምኩ። ሰነፍ ያልኩት ልጅ ሁለት ጽሕፈት እያስተያየ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ንባብ ሲመጣ መጀመሪያ ስለምን እንደሆነ እናወራለን። ከዚያ ነው የሚያነበው። ስህተቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት እችላለሁ።

ትምህርት ቤቱም ሄድኩ። መጀመሪያ ልጣላ ነበር ያሰብኩት። መምህሯ ከ60 በላይ ተማሪ ይዛ ስትታገል ሳያት ተውኩት። ሁለት ነገር ብቻ ለመንኳት። ፊት ወንበር እንዲቀመጥ፣ ደግሞም ክፍል ውስጥ የሚያነባትን ከአንድ ቀን በፊት እንድትነግረው። «እኔም እኮ ያነባል ብዬ ነበር» አለችኝ ደንግጣ። ሁለቱንም አደረገችልን። የጠዋት የሆድ ሕመሙ በዚያው ቀረ።

አባቱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የሞያሌ መስመር ላይ ነው የሚሠራው። ድሮ ድምፅ እየቀዳ ነበር የሚልክለት። ጻፍለት አልኩት። «ዲላ ደርሻለሁ» ብሎ ይልካል። ልጄ ሩብ ሰዓት ታግሎ «አናናስ አምጣ» ይላል። የአባቱም አጻጻፍ ብዙ የሚያኮራ አይደለም፤ ግን እኔ ዝም ነው።

መጻፉን ያፈጠነው ግን ዱቤ ደብተሩ ነው። አንድ ቀን እጄ ሊጥ ስለነበረ «ጻፍልኝ» አልኩት። «ዘት 1 ሊትር» ብሎ ጻፈ። «ሱካር ግማሽ ኪሎ»። አላረምኩትም። ዱቤ ደብተር ባለቤቱ አለው፤ ወር ሲሞላ መጥቶ ያነበዋል። አንዷ ጎረቤቴ ሒሳቧን ልትከፍል መጥታ ስሟ ሥር ያለውን ስታይ ሳቋ ፈነዳ። «ሳሙ 2 ይላል! ማንን ነው የምስመው?» ናን ረስቷታል። ልጄ ቀላ። ከዚያ እሱም ሳቀ። እስክሪብቶውን አምጥቶ ናን ሰካበት። ከዚያ ወዲህ ሳሙና ተሳስቶ አያውቅም። እኔ መቶ ጊዜ ባስጽፈው እንደዚያ የሚይዝለት አይመስለኝም።

ከኅዳር እስከ ሰኔ ድረስ ወሰደብን። በየመሃሉ የሚያስለቅሱ ሳምንታት ነበሩ። የካቲት ላይ ጭራሽ የረሳ መስሎኝ ካርዶቹን ልጥላቸው ደርሼ ነበር። አሁን አራተኛ ክፍል ነው። ፈጣን አንባቢ አይደለም። ጣቱን ካላስቀመጠ መስመር ይጠፋበታል። እህቱ ደግሞ አሁንም ትቀልድበታለች፤ እሷን ዝም ማሰኘት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ማታ፣ እዚያው ዱካው ላይ ተቀምጦ እያነበበ፣ መብራት ሄደ። ድምፁ ተቋረጠ።

«ምነው አቆምክ?» አልኩት።

«አይታይማ!» አለኝ፤ ሞኝ ነሽ እንዴ በሚል ድምፅ።

ሻማ ፍለጋ ተነስቼ ስደናበር እግሬ የእንቁላሉ ትሪ ውስጥ ገባ። ሻማው ሲበራ ቆጠርነው፤ ዘጠኝ። ልጄ ዱቤ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣ። አዲስ ገጽ ገለጠ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳይስት ጻፈብኝ፤ «እማዬ፣ እንቁላል 9»።