ኮዱ የማይነግረን፦ የማይታወቁ ብሔራዊ ቡድኖችን ማሊያ ስለ መሰብሰብ

በስብስቤ ውስጥ ካሉት ማሊያዎች ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ ሐሰተኛው ነው። የኔዘርላንድ አንቲልስ (በካሪቢያን የሚገኙ የኔዘርላንድ ደሴቶች ስብስብ የነበረ አስተዳደር) ብሔራዊ ቡድን ማሊያ ነው ተብሎ ከአንድ ሻጭ በፖስታ የተላከልኝ ሲሆን፣ አርማው በሚገባ የተለጠፈ፣ የጀርባው ቁጥርም በመጠኑ የተሰነጣጠቀ ስለነበር ሜዳ ላይ ተለብሶ እንደነበር ለመጠራጠር ምክንያት አልታየኝም። ከሳምንታት በኋላ ግን በጎን ስፌቱ አጠገብ፣ በውስጥ በኩል በተሰፋችው ትንሽ ሌብል ላይ የታተመውን የምርት ኮድ በኢንተርኔት ስፈልግ፣ ንድፉ ለገበያ የቀረበው በ2013 መሆኑን አገኘሁ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኔዘርላንድ አንቲልስ የተባለው አስተዳደር ደግሞ ኦክቶበር 10 ቀን 2010 ፈርሷል፤ በእግር ኳሱም ቦታውን ከደሴቶቹ አንዷ የሆነችው ኩራሳኦ ወርሳለች። እጄ ላይ የነበረው፣ ባለቤቱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ የተሰፋ ልብስ ነበር ማለት ነው።

ሻጩን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ወቀስሁ፤ ምክንያቱም ኮዱን ማየት ማንኛውም ጀማሪ ሰብሳቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ቆይቶ የገባኝ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ኮዱ ሐሰትን ማጋለጥ ቢችልም እውነትን ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው።

ይህን ለማስረዳት የትንንሽ ቡድኖች ማሊያ እንዴት እንደሚሠራ መናገር ያስፈልጋል። የብራዚል ወይም የጀርመን ማሊያ ለዚያ ቡድን ብቻ ተነድፎ፣ የራሱ ኮድ ተሰጥቶት፣ በብዛት ተመርቶ ለደጋፊ ይሸጣል፤ ኮዱን የፈለገ ሰው የማሊያውን ፎቶግራፍ ያገኛል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። አቅሙ ውስን የሆነ ፌዴሬሽን ግን ብዙ ጊዜ ከአምራቹ ካታሎግ ውስጥ የተዘጋጀ ንድፍ ይመርጣል፤ ያንኑ ንድፍ የሰፈር ክለብም ሆነ የትምህርት ቤት ቡድን ሊለብሰው ይችላል። ከዚያም ለተጫዋቾቹ የሚበቃውን ያህል ብቻ ያዝዝና አርማውንና ቁጥሩን በሙቀት መተኮሻ ያስለጥፋል። አንዱም ለሽያጭ አይቀርብም። ጨዋታው ሲያልቅ ማሊያዎቹ ተሰብስበው ይታጠባሉ፤ ለሚቀጥለው ጨዋታ፣ አንዳንዴም ለታዳጊዎቹ ቡድን ያገለግላሉ። ከመጋዘን የሚወጡበት ዋናው መንገድ አንድ ተጫዋች ከፊሽካው በኋላ ከተጋጣሚው ጋር ሲለዋወጥ ነው፤ በእኔ ዘንድ ካሉት አብዛኞቹም የመጡት ከራሱ ከቡድኑ ሰዎች ሳይሆን ከተጋጣሚው ተጫዋች ቤት ነው።

እንዲህ ባለው ማሊያ ላይ ኮዱን ብንፈልግ የምናገኘው አርማ የሌለውን ባዶ ንድፍ ነው። ኮዱ «ከዚህ ዓመት በፊት አልተሠራሁም» ይላል እንጂ «እነ እገሌ ለብሰውኛል» አይልም። ባዶውን ማሊያ ገዝቶ አርማ የሚለጥፍበት ሰው ደግሞ፣ ዓመቱን በትክክል እስከመረጠ ድረስ፣ በኮድ አይያዝም። የእኔው ፎርጅድ የተያዘው ሠሪው ሰነፍ ስለነበረ ብቻ ነው።

ታዲያ ማስረጃ የሚሆነን ምንድን ነው? በእጅ የተሠራ ነገር ስሕተት አለው፤ እኛም የምንፈልገው ያንን ስሕተት ነው። በፋብሪካ የታተመ አርማ በሺዎቹ ማሊያዎች ላይ ከአንድ ቦታ አይነቃነቅም፤ በመተኮሻ የተለጠፈው ግን አንዱ ወደ ትከሻ ያዘነብላል፣ ሌላው ወደ መሐል ይጠጋል፣ የ11 ቁጥር ሁለቱ አንዶች በአንዱ ተራርቀው በሌላው ይቀራረባሉ። የጨዋታው ግልጽ ፎቶግራፍ ከተገኘ፣ የአርማው ጫፍ ከስፌቱ ያለውን ርቀትና የቁጥሩን ዝንባሌ እጅ ላይ ካለው ማሊያ ጋር ነጥብ በነጥብ ማመሳከር ይቻላል። አድካሚ ሥራ ነው፤ እኔ በአንድ ማሊያ ላይ ወራት አጥፍቻለሁ። ቢሆንም ልብሱን ከአንድ ቀንና ከአንድ ሰው ጀርባ ጋር የሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ችግሩ የትንንሽ ቡድኖች ጨዋታ እምብዛም ፎቶግራፍ የማይነሣ መሆኑ ነው። ጁን 30 ቀን 2002፣ ብራዚልና ጀርመን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በተጋጠሙበት ዕለት፣ በፊፋ ደረጃ መጨረሻ ላይ የነበሩት ቡታንና ሞንሴራት በቡታን ዋና ከተማ በቲምፉ ተጫውተው ቡታን 4 ለ 0 አሸንፋለች። ሞንሴራት በ1995 በጀመረው የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ዋና ከተማዋን ፕሊማውዝን ያጣች፣ አብዛኛው ሕዝቧም የተሰደደባት ደሴት ነበረች። ያ ጨዋታ ለፊልም ስለተቀረጸ ማሊያዎቹን ለማመሳከር የሚሆን ምስል አለ። ከዚያ በፊትና በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ያደረጓቸው ብዙ ጨዋታዎች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላጋጠማቸውም። የአሜሪካ ሳሞአም ነገር ተመሳሳይ ነው፤ በኤፕሪል 2001 በአውስትራሊያ 31 ለ 0 የተሸነፈችበት ጨዋታ በዓለም ዙሪያ ስለታየ ያን ዕለት የተለበሰውን ሁሉም ይፈልገዋል። እኔ ግን ብመርጥ በኖቬምበር 2011 ቶንጋን 2 ለ 1 አሸንፋ በፊፋ የታወቀውን የመጀመሪያ ድሏን ያገኘችበትን ማሊያ እመርጣለሁ። ሰብሳቢዎች ለሽንፈት ከፍ ያለ ዋጋ መስጠታችን አንዳንዴ ደስ አይለኝም፤ ሰዎቹን መሳቂያ አድርጎ የመያዝ ጠባይ አለበት።

አገራቸው ራሷ የሌለችባቸው ማሊያዎች ሌላ ዓለም ናቸው። ዛሬ የጀርመን ክፍል የሆነችው ዛርላንድ ከ1950 እስከ 1956 የፊፋ አባል ነበረች፤ ለ1954ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ከምዕራብ ጀርመን ጋር ተጫውታለች፤ አሠልጣኟ ሄልሙት ሾን ኋላ በ1974 ምዕራብ ጀርመንን ለዓለም ሻምፒዮንነት ያበቃው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ማሊያ ላይ የምርት ኮድ ስለማይታተም፣ ከባለቤቱ ቤተሰብ በቀጥታ ያልተገኘ የዛርላንድ ማሊያ ቢቀርብልኝ አልነካውም። ሶቪየት ኅብረት በዲሴምበር 1991 ስትፈርስ ቡድኗ ለአውሮፓ ዋንጫ አልፎ ስለነበር፣ በ1992 ስዊድን ላይ የነጻ መንግሥታት ኮመንዌልዝ (የቀድሞዎቹ የሶቪየት ሪፐብሊኮች ኅብረት) በሚል ስም ተጫውቶ ከጀርመንና ከኔዘርላንድ አቻ ወጥቶ፣ በስኮትላንድ 3 ለ 0 ተሸንፎ ተሰናበተ። ሰርቢያና ሞንቴኔግሮም በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ የተሰለፉት ሞንቴኔግሮ ነጻነቷን ካወጀች ከቀናት በኋላ ነው። ይህኛው ለዓለም ዋንጫ የተሠራ ስለሆነ ማግኘቱ ያን ያህል አይከብድም፤ ለጀማሪ የምመክረውም እርሱን ነው።

ፊፋ የማያውቃቸው ቡድኖችም አሉ። በጁን 2001 ኮፐንሃገን ላይ ቲቤት ከግሪንላንድ ጋር ስትጫወት (ግሪንላንድ 4 ለ 1 አሸንፋለች) የቲቤትን ማሊያ የሠራው የዴንማርኩ የስፖርት ልብስ አምራች ሁመል ነበር። የማርሻል ደሴቶች ታሪክ ደግሞ ከሁሉም የተገላቢጦሽ ነው፤ ቡድኑ በ2025 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከማድረጉ ከረጅም ጊዜ በፊት ማሊያው ለሽያጭ ቀርቦ በየአገሩ ተልኳል። ማሊያው ቆንጆ ነው። እኔ ግን አልገዛሁትም፤ በዚያን ጊዜ ማንም ለብሶት ሜዳ አልገባምና።

ስለ አያያዝ አጭር ነገር ልበል። በመተኮሻ የተለጠፈ ቁጥር ሙቀትን ይጠላል፤ ስለዚህ ካውያ አይነካውም፤ መታጠብ ካለበትም ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ይታጠባል። ማሊያዎቼን ከብርሃን አርቄ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ እንዳይጣበቅ በመካከሉ ስስ ወረቀት አድርጌ አስቀምጣለሁ። የሣር እድፍ ያለበትን ግን ፈጽሞ አላጥብም፤ እድፉ በፎቶግራፉ ላይ ሊታይ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ማሊያ ጋር አንዲት ካርድ አለች። በፎቶግራፍ ወይም በኮድ ያመሳከርሁትን በእስክሪብቶ፣ ሻጩ የነገረኝን ብቻ የሆነውን በእርሳስ እጽፍባታለሁ። ኩራሳኦ በኖቬምበር 2025 ከጃማይካ 0 ለ 0 ተለያይታ ለዓለም ዋንጫ ካለፉት አገሮች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ትንሿ ከሆነች ወዲህ፣ ያ የአንቲልስ ማሊያ ይሸጥ እንደሆነ የሚጠይቁኝ ሰዎች መጥተዋል። ካርዱን ፎቶ አንሥቼ እልክላቸዋለሁ፤ በላዩ ላይ «2013» የሚለው በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ የቀረው ሁሉ በእርሳስ ነው። እስካሁን ሁለተኛ የጠየቀኝ የለም።