ገና ነሽ

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ።

ዛሬ ንጋት ላይ አንድ ነገር ሆነ። እሱን ልጽፍ ነው ደብተሩን ይዤ የወጣሁት።

በረንዳ ላይ ነኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊቱን ሥራውን ሠርቶ አድሯል። ማታ ገመድ ላይ የረሳሁት የባሌ ሹራብ ውርጭ መቶት ክችች ብሏል። እጅጌውን ሳጥፈው ቀጭ አለ። ወንበር ላይ ባስቀምጠው እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አሁን ፀሐይዋ ስታገኘው እንፋሎት እያወጣ፣ ትከሻው ቀስ በቀስ መውደቅ ጀምሯል። እኔም አጠገቡ ጋቢዬን ተከናንቤ ፀሐይ እሞቃለሁ። ባልና ሚስት መስለናል።

ለማንኛውም አጋምሻለሁ። ሃያ ሳምንት ሞላኝ። ትናንት ክትትል ነበረኝ። አዋላጇ ሆዴን በሜትር ለክታ «እምብርትሽ ጋ ደርሷል፣ ልክ ነው» አለችኝ። መድረሻሽ ግንቦት 6 ነው ብላ ካርዴ ላይ ጻፈች። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረኝ ነገርኳት። «በእርግዝና ያለ ነው» አለች። ይሁን። ግን ከተማዋም ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ሁሉንም በልጁ ማላከክ ደግ አይደለም።

ስልኬ ላይ ያለው አፕ ደግሞ «ልጅዎ አሁን ሙዝ ያህላል» ይላል። የትኛውን ሙዝ? የአርባ ምንጩን ነው ወይስ በጋሪ የሚዞረውን ትንንሹን? 300 ግራም ገደማ ነው፣ ከሩብ ኪሎ ቡና ትንሽ አለፍ ይላል ቢለኝ ይገባኝ ነበር። ሩብ ኪሎ ቡና እጄ ያውቀዋል።

ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አቃተኝና ደብረ ሲና ደወልኩ።

«እማዬ፣ አጋመስኩ።»

ዝም አለች። የእናቴ ዝምታ ሁሌም ሒሳብ ነው። ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ የጣቷን አንጓ በአውራ ጣቷ እየነካች እንደምትቆጥር አውቃለሁ። አንድ ጣት ላይ ሦስት ወር ታስቀምጣለች።

«ማነው ያለሽ?»

«ሐኪሞቹ ናቸዋ።»

«ገና ነሽ» አለች።

ከዚያ የጠየቀችኝን ጥያቄ እናት ልጇን አትጠይቅም። «ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው አይደል?» አለችኝ። ብርዱ ጥሎኝ ጠፋ። ፍልሰታ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። እና... አዎ፣ እሷ እንዳለችው ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

«በይ እንግዲህ፣ ግንቦት 16 ነው የምትደርሺው። በኪዳነ ምሕረት። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን።»

የእናቴ ማስረጃ እመቤታችን ናት፤ ሌላ ምስክር አትጠራም። ብሥራቱ መጋቢት 29፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29። መሀል ላይ ዘጠኝ ወር አለ፣ አምስቷ ቀን ጳጉሜን ናት። 275 ቀን፣ አለቀ። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች እንኳ በማግስቱ ዓመት ገና በ28 ይከበራል፤ አንዷ ቀን እንዳትተርፍ። ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ቀን ይህን ያህል ከተጠነቀቀች፣ እናቴ አሥር ቀን አይታ ዝም እንድትል መጠበቄ ሞኝነት ነው።

ግን አናደደችኝ። እውነቱን ልናገር፣ አናደደችኝ። ባለፈው እርግዝናዬ ቆጠራዬ አሥራ አንድ ሳምንት ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷን ሳምንት እንደ ደመወዝ ነው የምቀበላት፤ ፈርሜ። ሃያን ዛሬ ተቀብዬ ኪሴ ሳልከታት ነጠቀችኝ።

ሥራዬ ደግሞ ሒሳብ ነው። አሥር ብር ከጎደለኝ ቢሮ የማመሽ ሴት ነኝ። አሥር ቀንማ እንዴት ዝም ብላ ትጠፋለች? ደብተሩን ገለጥኩና መሥመር አሰመርኩ።

የሐኪሞቹ ቆጠራ 280 ቀን ነው። የሚጀምሩት ግን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። የኔ ነሐሴ 1 ነበር። ስለዚህ እንደ ካርዴ ከሆነ ያረገዝኩት ፍልሰታ በተያዘ ዕለት ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ የሚያስረዳልኝ ሰው ይፈለግ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልነበረ ልጅ አርግዤ ስጾም ነበር ማለት ነው። እናቴ አሥራ አምስት ቀን ዘግይታ ትነሳለች፣ ግን አምስት ቀን ያነሰ ትቆጥራለች። አሥራ አምስት ሲቀነስ አምስት፣ አሥር። ሚዛኑ ገጠመ! ከግንቦት 6 እስከ ግንቦት 16። ብቻዬን በረንዳ ላይ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። የጎረቤት ልጅ በአጥሩ ቀዳዳ ታየኝ ነበር።

ከዚያማ ማን ያቆመኛል። የ275 ግማሽ 137 ቀን ተኩል ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሬ ብቆጥር የት ያርፋል? ታኅሣሥ 28። ማታ። የገና ዋዜማ!

መልሼ ደወልኩ።

«ገና ነሽ አላልኩሽም?» አለች። እየሳቀች ነው። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ አንቺ ቆጣሪ።»

እሱ ቁርስ ሰዓት ላይ ከመንገድ ሲደውል ለሱም አስረዳሁት። እኔ ወረቀት ሙሉ ሒሳብ ሳወራለት እሱ እያላመጠ ይሰማኛል። ሹፌር ስለሆነ ሁሉን ነገር በመንገድ ነው የሚያየው።

«አዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎሜትር ነው። በቁጥር ካልሽ ደብረ ሲናን እንዳለፍሽ ታጋምሻለሽ» አለኝ። «ሹፌር ግን እንደሱ አይቆጥርም። ጣርማ በር ዋሻ ከገባሽ አጋምሰሻል።»

ይህቺን ወደድኳት። ጣሊያን የበሳውን ያንን ዋሻ በልጅነቴ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ከወዲህ ጉም ነው፣ የፊቱ መኪና አይታይም፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ይቀመጣል። ከወዲያ ትንሽ ወረድ እንዳሉ አንዱ ሹራቡን ማውለቅ ይጀምራል፣ ከዚያ ሌላው። ደብረ ሲና ስንደርስ እናቴ «ይሄን ሁሉ ጨርቅ ምን አሸከማችሁ» እያለች ትቀበለን ነበር።

«ከዋሻው በኋላማ ቁልቁለት ነው፣ ቀላል ነው» አልኩት።

«ኧረ ቁልቁለቱ ነው የሚያስፈራው። ዳገት ሞተር ነው የሚፈልገው። ቁልቁለት ግን ፍሬን ነው።»

ይህ ለእርጉዝ ሚስት የሚባል ነገር ነው? «በል ሻይህን ጠጣ» ብዬ ዘጋሁት።

አሁን ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ሹራቡ ወንበሩ ላይ ተዘርሮ ተኝቷል። ደብተሬን ሳየው ሁለት ገጽ ሙሉ ቁጥር ነው፣ አንድም የረባ ነገር የለውም። ያ ንጋት ላይ የሆነው ነገር የታለ? አልጻፍኩትም!

እንዲህ ነው። በግራ ጎኔ ተኝቼ ነበር። ከእምብርቴ ዝቅ ብሎ ጀበና ሊገነፍል ሲል እንደሚያደርገው ቡልቅ አለ። ትንፋሼን ያዝኩ። አንዴ ደግሞ ቡልቅ። ከዚያ ጸጥ። ሰዓቱ ስንት ነበር? አላየሁም። ጨለማ ነበር እንጂ ሌላ አላውቅም። የአሥር ቀን ጉድለት ለማግኘት ግማሽ ቀን የፈጀሁ ሴት፣ ልጄ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰባትን ሰዓት አልያዝኩም።

ለሦስተኛ ጊዜ ደብረ ሲና ደወልኩ። ነገርኳት።

«ማታ ምን በልተሽ ነበር?» አለችኝ።

የንስሐ አባታችን ለእርጉዝ ጾሙ ግድ የለም ብለዋል። ቤቱ በሙሉ እየጾመ ለብቻዬ እንቁላል መጥበሱ ግን አሳፍሮኝ ነበር።

«የባቄላ ንፍሮ» አልኳት።

ዝም አለች።

እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እየጠበቅኩ ነው። እስካሁን ምንም የለም። ዛሬ ማታ ባቄላውን ትቼ ብተኛና ቢደገም፣ ያኔ ይለይ ይሆን?