«ዝምታም ይቀረጻል እንዴ?»

ዩኒቨርሲቲ ፊልም ትምህርት የጀመርን ሰሞን ወሬያችን ሁሉ ካሜራ ነበር። ማን የትኛውን ይዟል፣ ሌንሱ ምንድን ነው፣ ፎር ኬ ይቀርጻል ወይ። እኔ ካሜራ ስላልነበረኝ ዳር ይዤ እቀናለሁ። የመጀመሪያው የአምስት ደቂቃ ዶክመንተሪ ሲታዘዝ አንዷ የክፍሌ ልጅ አክስቷ ከአሜሪካ የላከችላትን አዋሰችኝ። በቃ፣ ፊልሙ ያለቀ መሰለኝ።

ባለታሪኬ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሱቅ የሚሠሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። ላስፈቅድ ስሄድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና «ሰይጣን ቤት ልታስገቢኝ ነው?» አሉኝ። ሲኒማ አዲስ አበባ የገባ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን እንዲያ ነበር የሚጠራው። ሳቅን፣ ሻይ ታዘዘ፣ ተስማማን።

የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ግን ገደል ገባ።

ማታ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይንሳፈፋል። የሰው ካሜራ ያበላሸሁ መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። ለካ ካሜራውና የሱቁ መብራት አልተግባቡም። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ፍሎረሰንት አምፖል በአንድ ምልልስ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። የእኔው ደግሞ ለአሜሪካው 60 ኸርዝ እንደተስተካከለ ነው የመጣው፤ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ነጠላ ምስል፤ ሹተሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ። መፍትሔው ሜኑ ውስጥ ገብቶ ኤንቲኤስሲ የሚለውን (የአሜሪካው የቪዲዮ ስልት) ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ አገር የሚሆነው) መቀየር፣ ከዚያ 25 ፍሬምና 1/50 ማድረግ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ የምትዋሱ ሰዎች፣ ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ እሷን እዩ።

መስመሩስ ይሁን፣ የባሰው ድምፁ ነበር። ማይኩ ካሜራው ላይ ነው፣ ጋሼ 2 ሜትር ርቀው ተቀምጠዋል፣ በሩ ክፍት ነው። ስለ ሟች ባለቤታቸው እያወሩ፣ ድምፃቸው ሰለል እያለ፣ ጥርት ብሎ የሚሰማው የታክሲ ረዳት ነው፦ «አራት ኪሎ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ነው የቀረው!»

በሁለተኛው ዙር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ለገበያ ሳይከፈት ደረስኩ። በሩን ዘጋን። ኮሌታ ላይ የምትሰካ ርካሽ ማይክ ስልኬ ላይ አድርጌ ስልኩን ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ኤሮፕሌን ሞድ ላይ፣ እሱን አትርሱ። እናቴ መሃል ላይ ደውላ ታውቃለች። ከዚያ ካሜራው ፊት አንዴ ጠንከር አድርጌ አጨበጨብኩ። ኤዲት ሲደረግ እጅ ለእጅ የተገናኘበትን ፍሬምና የጭብጨባውን ድምፅ ማጋጠም ነው፣ ስልኩና ካሜራው ገጠሙ ማለት ነው።

ጨርሰን ሊነሱ ሲሉ፣ «ጋሼ፣ አሁን 30 ሰከንድ ማንም እንዳይናገር» አልኳቸው።

«ምን ልትሠሪ?»

«የሱቁን ዝምታ ልቀርጽ።»

«ዝምታም ይቀረጻል እንዴ?»

ይቀረጻል። ባዶ ቤት እንኳ የራሱ ድምፅ አለው። የአምፖሉ ጥዝታ፣ ከውጭ የሚገባ ሩቅ ጫጫታ። ንግግር ስትቆርጡ መሃሉ ጭር ካለ ጆሮ ወዲያው ያውቃል። ያ የቤቱ ድምፅ ከሥር ሲነጠፍ ግን ቁርጡ ይደበቃል። ይሄን ሳስረዳቸው ገና ሳልጨርስ ገባቸው። «ገበር በይኛ!»

ገበር። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም።

ውጭ የነበረው ቀረጻ አጭር ነው። ትራይፖዱን አስፋልት ዳር እንደተከልኩ አንድ ጥበቃ መጣ። ባለማኅተም የድጋፍ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ባይኖር ኖሮ ቀኑ እዚያው ያበቃ ነበር። ብርሃኑን በተመለከተ፣ ቀትር ላይ ሰው አትቅረጹ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ካልሆነም ከ10 በኋላ። ማታ ግን ፈጠን በሉ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ስትጠልቅ ቸኩላ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መጀመሪያ ቀን ፊታቸውን ብቻ ነበር የቀረጽኩት፤ ንግግራቸውን ስቆርጥ ጭንቅላታቸው ከቦታ ቦታ ዘለለ። በሁለተኛው ዙር እጃቸው ላይ 40 ደቂቃ አጠፋሁ። ጠመኔው ጨርቅ ላይ ሲሄድ፣ ክሩን በምላሳቸው አርጥበው መርፌ ዓይን ውስጥ ሲሰዱ። ፊልሙን ያዳነው እሱ ነው፤ ንግግር በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ እጅ ገባ።

ሲያልቅ ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩና አሳየኋቸው። ቃል አልተነፈሱም። እጃቸው በቅርብ የሚታይበት ቦታ ሲደርስ ግን በጣታቸው ስክሪኑን ነኩት።

«ይቺ ስፌት ጠማማ ናት። አውጪያት።»

አወጣኋት።